ከአያ ታከለ ሚኒባስ ጋር እኩል የተነሳው ብርሃን

ይድረስ ለመኳንንት፣ ለባለቤቴ፣ ከቤት ይልቅ ጣራ ላይ ለኖረው ወፌ።

አድራሻህ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ስለሆነ ፖስታ ቤት አልሄድም። ጽፌ ስጨርስ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው እመጣና ከአጠገብህ ቁጭ ብዬ አነብልሃለሁ። ታውቀኝ የለ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ፊደሌ ይንጋደዳል፣ ወሬዬም እንደ ፊደሌ ነው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ውስጥ ብገባ እንደ ድሮው ዝም ብለህ ስማኝ።

ከተለየኸን ሦስተኛውን ፋሲካ ፈሰክን። በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ የከበደኝ የጣራው ዝምታ ነበር። ሌላዋ ሴት ባሏን በበር በኩል ትጠብቃለች። አንተ ግን ከሰው ጣራ ወርደህ ስትመጣ እንኳ እግርህን ሳትታጠብ የራሳችንን ዲሽ ላስተካክል ብለህ ትወጣ ስለነበር፣ እኔ መምጣትህን የማውቀው ቆርቆሮው ሲንኳኳ ነው። ያን ዓመት ድመት ጣራው ላይ በሄደ ቁጥር ምጣ እንጂ እራቱ ቀረበ እል ነበር። አሁን እሱ አልፏል። ድመቱን ድመት ነው እላለሁ።

ለቅሶ ልነግርህም አይደለም ወረቀት ያነሳሁት። ናሁ አገባ። አዎ፣ ያ «ይሄ ልጅ የሚጋባው ከመሰላሉ ጋር ነው» ትለው የነበረው ልጅህ። ባለፈው ጥር ነው የዳርነው። ለዳሱ ግቢያችን አልበቃ ብሎ የእትዬ ዘነቡን አጥር አንስተን ነው የጣልነው። አጥሩን ነው የምልህ፣ ያን አጥር። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን ይሄ ሰርግ ሊቀር ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያተረፈልንን ነገር ብትሰማ እዚያው ጥዱ ሥር ሆነህ ትስቃለህ።

ከልጅቷ ልጀምር። ስሟ ትርንጎ ይባላል፣ የዳባት ልጅ ናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ናሁ አንተ ካረፍክ በኋላ መሰላልህንም ኮምፓስህንም ወርሶ፣ ከዛሪማ እስከ መካነ ብርሃን ዲሽ ሲተክል ነው የሚውለው። መኪና በማይገባበት በበቅሎ ይጭነዋል፤ ዝናብ ሲይዘው ከዲሹ ሥር ይጠለላል፣ በቅሎዋ ግን ትበሰብሳለች። እና አንድ ቀን ዳባት፣ የትርንጎ አጎት ቤት ሊተክል ሄደ። እሱ ጣራ ላይ፣ እሷ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት። መቼም ይሄን ሥራ እኔና አንተ እናውቀዋለን።

ትዝ ይልሃል አይደል? አንተ ላይ ሆነህ ዲሹን በፀጉር ስፋት ስታዞር፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መጣ፣ ሄደ፣ ኧረ ሄደ፣ መለስ አድርገው ስል። ሰፈሩ ባልና ሚስቱ ተጣሉ ብሎ ሊያስታርቅ የመጣበት ቀን ነበር። ሥዕሉ ጥርት ሲል ደግሞ በቃ፣ እንዳትነካው ብዬ የምጮኸው ጩኸት ቦኖው ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። አንተም እጅህን ወደ ላይ አንስተህ እንደተማረከ ወታደር ትቆማለህ። ከዚያ የሰፈር ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል።

ሌላው ሰው ባለሙያው እንዳይደክም ብሎ ገና ሳይመጣ መጣ ይላል። ትርንጎ ግን አልመጣም፣ ትንሽ ይቀረዋል፣ አሁንም ይቀረዋል እያለች ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላወረደችውም። ማታ ቤት ገብቶ እጁን ሳይታጠብ «እማዬ፣ እውነት የምትናገር ልጅ አገኘሁ» አለኝ። ያኔውኑ ለነጠላዬ አዲስ ጥለት አሰብኩለት።

ትርንጎን ያሳደጓት የእናቷ አባት ናቸው፣ አያ ታከለ። ገበሬ ናቸው፣ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ቀምሰዋል፣ ዳዊት ይደግማሉ። ሽማግሌ ላክን። በደንብ ተቀበሉ፤ ልጁን ጠይቀው አስጠይቀው ወደውታል አሉ። ሆኖም መልስ ሳይሰጡ የሁለቱንም ስም ከነእናታቸው ስም ይዘው ከወንዝ ማዶ ላለ ደብተራ ኮከባቸውን አስቆጠሩ። እሱ እሳት፣ እሷ ውሃ ሆኑ። አይገጥምም ተባለ። አንዳቸው አንዳቸውን ቶሎ ይቀብራሉ ተባለ። አያ ታከለም ለሽማግሌዎቹ ልጁን አልጠላሁትም፣ ግን ልጄን አልሰጥም ብለው ላኩ።

ቤታችን ምን እንደመሰለ አትጠይቀኝ። ናሁ መዶሻ ይዞ ጣራ ላይ ወጥቶ መመታት የማያስፈልገውን ምስማር ሁሉ መታ። እትዬ ዘነቡ ታውቃት የለ፣ ለሁሉ ነገር መድኃኒት አላት፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምን ያስጨንቅሻል የሺ፣ የቆጠሩት እኮ በዓለም ስሙ ነው። የክርስትና ስሙን ስጪና ሌላ ደብተራ ይቁጠረው። እሱም እንቢ ካለ ያንቺን ስም እንቀይራለን፣ ስም ሞልቶ» አለችኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ለአንድ ሌሊት ሐሳቡ ጣፈጠኝ። ናሁ ግን በተዋስኩት ስም አላገባም አለ። ይሄን ይሄን ሲል ቁርጥ አንተን ነው የሚመስለው፣ ያናድደኛልም።

በዚህ መሐል እናንዬ መጣች። ግንቦት መገባደጃ ላይ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ። ልጅህ ጎንደር ፊዚክሱን ከጨረሰች በኋላ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ የስፔስ ሳይንስ መግባቷን አንተ ሳትሰማው ነው የሄድከው። እዚህ ላሉ ተማሪዎች ላሳይ ብላ የኮከብ ማያ መሣሪያ፣ ቴሌስኮፕ የሚሉትን፣ በረጅም ሳጥን ይዛ መጣች። የአውቶቡሱ ረዳት መትረየስ መስሎት ሳይከፈት አልጭንም ብሎ ጎንደር መናኸሪያ ላይ ሰው ሁሉ በየተራ በባዶ ቱቦ አየ አሉ። ጨለማ ነው እንጂ ሌላ አይታይም ብለው ጫኑላት።

ሰፈሩ ግን አልማራትም። ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ እትዬ ዘነቡ «እናንዬ፣ እኛ ከመሬት ውስጥ ውሃ ማውጣት አቅቶን ተሰልፈናል፣ አንቺ ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው» አለቻት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ደግሞም ቆጨኝ። ምክንያቱም እኔም በልቤ አንድ ቀን ሳልጠይቅ አልቀረሁም። ነርስ ብትሆን፣ መሐንዲስ ብትሆን እል ነበር። ከዋክብቱ እንደሆኑ ያለ እኛም ይኖራሉ።

እሷ አልተቆጣችም። ማታ ላፕቶፗን ከፍታ እኔንም እትዬ ዘነቡንም ጎን ለጎን አስቀመጠችን። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው፣ አንተ ዲሹን ወደሱ ስታዞር የኖርከው ዓይነት ሳተላይት ያነሳው። አገራችንን አየሁልህ። የሰሜን ገደል እንደተቀደደ ወረቀት፣ የሽሬ መንገድ እንደ ወደቀ ክር፣ ደባርቅ ደግሞ የተበተነ እፍኝ ገብስ ይመስላል። የትኛው ማሳ ዝናብ እንዳገኘ፣ የትኛው ሳር እንደደረቀ፣ የትኛው ቁልቁለት ክረምት ላይ ሊናድ እንደሚችል በቀለሙ ታነበዋለች። እኔና ዘነቡ ግን ማሳውን ትተን አጥራችንን ፈለግን። አንተ በሕይወት ሳለህ ሦስት ሽማግሌ ያስቀመጥንበት፣ ክንድ ገብታብኛለች ክንድ ገብተሽብኛል የተባባልንበት አጥር። የለም። አጉልታ አጉልታ አሳየችን፣ የኛ ቆርቆሮ እና የሷ ቆርቆሮ እንደ አንድ ጣራ ተጣብቀው ያበራሉ። ዘነቡ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችና «እንግዲህ ከላይ የሚያየን ሁሉ ያን ሁሉ ዓመት በምን እንደምንጣላ ሳይገባው ነው የኖረ» አለች። ለሰርጉ አጥሩ የተነሳው በዚያች ማታ ምክንያት ነው። እስካሁንም አልተመለሰም፤ ዶሮዎቻችን ተቀላቅለው የማን እንቁላል እንደሆነ መጠየቅ ትተናል።

አሁን ደግሞ ያንተን ጥያቄ ልንገርህ፣ ሳልረሳው። እናንዬ ትንሽ ልጅ ሆና መሰላሉን ይዛልህ፣ «አባዬ፣ ያ ዲሹ የሚያየው፣ ሰማይ ላይ የተሰቀለው ነገር ለምንድን ነው የማይወድቀው» ስትልህ፣ «እኔ የማውቀው የት እንዳለ ብቻ ነው፣ ለምን እንደማይወድቅ ተምረሽ አንቺ ትነግሪኛለሽ» ብለሃት ነበር። መልሱን ይዛ መጥታለች። ለአንተ ልትነግርህ መቃብሩ ድረስ ሄዳ ነበር፣ ቃሉን ግን እኔ እንድጽፍልህ ለኔም ነገረችኝ። ይወድቃል አለች። ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፤ ግን ወደ ጎን በጣም ስለሚሮጥ፣ ምድርም ክብ ስለሆነች፣ እየወደቀ ያልፋታል እንጂ አያገኛትም አለች። ልክ እንደ እኔ ነዋ አልኳት። አባትሽ ካረፈ ጀምሮ ስወድቅ ነው የኖርኩ፣ ሥራው እየበዛብኝ መሬት የምነካበት ጊዜ አጣሁ እንጂ። እሷ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም እንዲሁ። ከዚያ ገብሱን ልናበጥር ተነሳን።

እንግዲህ ወደ ሰርጉ። እኔ ምን አሰብኩ መሰለህ። አያ ታከለ ያመኑት የኮከብ ቆጣሪን ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ኮከብ የተማረች ልጅ አለችኝ፣ ያውም ከመንግሥት ወረቀት ጋር። ጠራኋትና ኮከባቸው ገጥሟል በይልኝ፣ አንድ ቃል ነው አልኳት። ዕቃ እያጠበች ነበር፣ እጇን አደረቀች። «እማዬ፣ ያ የሰውየው ቆጠራ የስም ሒሳብ ነው፣ ሰማዩን ቀና ብሎም አያየውም። የኔ ሥራ ደግሞ ስለ ሰው ዕጣ አንዲት ነገር አያውቅም። ዛሬ ለወንድሜ ስል ገጥሟል ካልኩ፣ ነገ ይሄ ገደል ሊናድ ነው ከሥሩ ውጡ ስል ማን ይሰማኛል?» አለች። አባቷ ጣራ ላይ እናቷ መስኮት ላይ ሆነው፣ ሳይመጣ መጣ አይባልም እያሉ ነው ያሳደጓት፤ ማንን ልውቀስ?

እኔም ታዲያ ታውቀኛለህ፣ ዝም አልልም። ለአያ ታከለ መልእክት ላክሁ። ኮከብ ያጠናችው ልጄ መሣሪያዋን ይዛ መጥታለች፣ ቢመጡ ታሳይዎታለች አልኩ። ትቆጥርልዎታለች አላልኩም። አትቆጥርልዎትም ግን አላልኩም።

መጡ። ከዳባት በማታው ሚኒባስ ተነስተው ወቅን ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው፣ ልክ ሲጨላልም በዱላቸው በሩን አንኳኩ። ጋቢያቸው አቧራ፣ ፊታቸው ድካም። ውሃ ሰጠናቸው፣ እግራቸውን ናሁ ሊያጥብ ጎንበስ ቢል ቆይ አሉት። መብራት ደግሞ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። እናንዬ ግን መብራት መጥፋቱ ደስ አላት፣ ሰማዩ ይጠራልናል ብላ። ግቢው መሐል ቱቦዋን አቁማ በርጩማ ሰጠቻቸው። እትዬ ዘነቡ ሳትጠራ መጥታለች፤ እሷ ካልመጣችማ ነገር ያለ መስሎ አይታይም።

አያ ታከለ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። «ምንድን ነች ይህች ባለ ቀለበት?» አሉ። እትዬ ዘነቡ ቀደም ብላ «ቀለበት ካሰረችማ የታጨች ናት አያ፣ ሌላ አይጠይቋት» አለች፣ ወደ ናሁ እያየች። እናንዬ ሳተርን ይሏታል፣ በኛ መጻሕፍት ዙሐል ናት አለቻቸው። ሽማግሌው ቀና አሉ። «ዙሐል? ስሙን ስጠራው ነው የኖርኩ፣ መልኩን ግን ያስተዋወቀኝ የለም» ብለው እንደገና ጎንበስ አሉ። እንግዳ ሲገባ እንደሚደረገው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ለዙሐል ማለት ነው።

ከዚያ ሩቅ ነች ወይ አሉ። ሩቅ ናት፣ አሁን የሚያዩት ብርሃን ራሱ ከዚያ ከተነሳ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሆኖታል አለቻቸው። አያ ታከለ በጣታቸው ማሰብ ጀመሩ። ከዳባት የተነሱበትን፣ ወቅን ላይ የቆሙበትን። «እንግዲያ እኔ ሚኒባስ ስገባ ነዋ እሱም የተነሳው» አሉ። አዎ አያ፣ ልክ ያኔ ነው አለች። «እሱስ ጎማ አልፈነዳበትም?» አሉ። ግቢው ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር የጠየቁት፤ ፊታቸው ላይ ድካሙ ሲፈታ አየሁት። አብሮ የተጓዘ ሰው ያገኙ ነው የሚመስሉት።

ከዚያ ቀና ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በይ እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ቁጠሪልኝ አሏት። እናንዬ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። «አያ፣ ይህ ዙሐል መቶ ዓመት ቆይቶ በየትኛው ማታ የት እንደሚቆም ልነግርዎ እችላለሁ። ናሁ ነገ ጠዋት ትርንጎን ምን እንደሚላት ግን አላውቅም። የኔ ትምህርት ቀላሉ ነው፣ እርስዎ የያዙት ነው ከባዱ» አለች። አለቀልን አልኩ። ናሁ መሰላሉን ተደግፎ ቆሟል።

እሷ ግን ቀጠለች፣ ለምን እንደፈሩ ይንገሩኝ አለቻቸው። ሽማግሌው ነገሯት። የትርንጎን እናት፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ኮከብ ሳያስቆጥሩ ነው የዳሯት። ደስ ብሎኛል አለችኝ፣ ሰጠኋት አሉ። ጃናሞራ ገባች። ትርንጎን በወለደች ማግስት ደም አልቆም ብሎ፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት ከመካነ ብርሃን ወዲህ ሲመጡ፣ ዝናቡ መንገዱን በልቶት አድረው መንገድ ላይ አረፈች። «ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው ያረጀሁ» አሉ። ዘነቡ እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እናንዬ እጃቸውን ያዘች። «አያ፣ እሷን የወሰዳት ኮከብ አይደለም፣ መንገድ ነው» አለቻቸው። ያን መንገድ ከላይ አየዋለሁ አለች፤ በየክረምቱ የት የት እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ጎጥ ከሐኪም እንደሚነጠል፣ እሱን ለሚሠሩት ምልክት አድርጎ መስጠት ነው የኔ ሥራ። ሰማይ ላይ የወጣሁት መሬቱን ለማየት ነው አለቻቸው። እውነቴን ነው መኳንንት፣ የልጄ ሥራ ምን እንደሆነ ያን ማታ ነው የገባኝ። ሁለተኛ ዲግሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው።

አያ ታከለ እንደገና በቱቦው አዩ። እያዩ ይጠይቋታል። «ይሄ ከኔ ጋር የተነሳው ብርሃን፣ ዳባት ላይ ስነሳ ልቤ ምን ይል እንደነበር ያውቃል?» አያውቅም አያ። «እዚህ ስደርስ ልቤ ምን እንደሆነስ?» እሱንም አያውቅም። ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ። «እንግዲያ መንገደኛ ነው እንጂ ዘመድ አይደለም። በዘመድ ጉዳይ መንገደኛ አይጠየቅም» አሉ። ከዚያ ወደ ናሁ ዞረው ና እግሬን እጠበኝ አሉት።

ታዲያ በነፃ አልሰጡም። አንድ ነገር አስይዘውናል። ትርንጎ የምትኖረው እዚሁ እኛ ጋ፣ አስፋልቱ አጠገብ፣ ለሆስፒታል ቅርብ በሆነ ቤት ነው፤ ናሁ ሥራው መካነ ብርሃን ይውሰደው አምባራስ፣ እሷ ከመንገድ አትርቅም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ በር በእግራቸው ሄደው ተመለሱ። ሁለተኛ ጊዜ ሄዱ፣ በዚህኛው በኋላ በር በኩል። ጭቃውን በዱላቸው ወግተው አዩት። ሲመለሱ ይበቃል ብለው ቁርሳቸውን በሉ። ደብተራው ኮከብ ቆጠረ፣ እሳቸው መንገድ ቆጠሩ።

ሰርጉ ምን እንደመሰለ ልንገርህ ብል ይመሻል። አያ ታከለ ዳሱ ውስጥ ከሰው ሰው እየዞሩ ያን ብርሃን ሲያወሩ ነበር፤ አብረን ተነስተን አብረን ገባን፣ እሱ ኪሎሜትሩ ቢበዛም ጎማ የለውም እያሉ። የጎንደሩ ዘመዳችን ሰክረዋል ብሎ ጠላውን አራቀባቸው፣ አስመለስኩላቸው። እናንዬ ለሙሽሮቹ ስጦታ ያንን ከላይ የተነሳውን ፎቶ አሳትማ ሰጠቻቸው፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ በቀይ አስምራበት። ግድግዳችን ላይ ነው ያለው። የሚገባ እንግዳ ሁሉ ቤቱን ይፈልግበታል፤ አግኝቼዋለሁ የማይል የለም፣ ቤቱ ባይታይም።

ሌላም ወሬ አለ፣ ግን ገና ስለሆነ ሰው እንዳይሰማ በጆሮህ ነው የምነግርህ። ትርንጎ የሽንኩርት ሽታ አላስችል ብሏታል። አያ ታከለ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ባለፈው ሰንበት መጥተው የሆስፒታሉን መንገድ እንደገና ሄደው አይተውት ሄዱ። አንድ ድንጋይ ከመሐል አንስተው ወደ ዳር አድርገዋል።

አንዳንድ ሰው ለልጆች ሲያጽናና አባታችሁ ኮከብ ሆኗል ይላል። እኔ እንዲህ አልልም፤ እናንዬም አትፈቅድልኝም። የት እንዳለህ አላውቅም፣ የማውቀው የት እንደነበርክ ነው። አንተ ስለዚያ ሰማይ ላይ ስለተሰቀለው ነገር፣ የት እንዳለ ብቻ ነው የማውቀው ካልከው በተቃራኒ። ግን ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። መሰላልህ ለሰው አይዋስም። ቤታችን ውስጥ የሚወለደው ልጅ ወሬ ከመልመዱ በፊት አያቱ ማን እንደሆነ፣ አንገቱን ቀና ማድረግ ለዚህ ቤት ሰው ማን እንዳስተማረው ይሰማል። ሳይመጣ መጣ እንደማይባልም። ደብዳቤዬን በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ፊደሌ ይብሱን ቢንጋደድ እኔው አነብልሃለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ናሁ የኛን ዲሽ ሊያስተካክል ጣራ ላይ ወጥቶ ነበር። ቆርቆሮው ሲንኳኳ እንጀራዬን ትቼ ቆምኩ። ትርንጎ ከቴሌቪዥኑ ፊት ናት፤ ትንሽ ይቀረዋል፣ ይቀረዋል፣ አለች፤ ከዚያ መጣ አለች። እውነትም መጥቷል፣ ጥርት ብሏል። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቤቱን ሁሉ አየሁት፣ እሱን ላይ፣ እሷን ታች፣ የዘነቡን ዶሮዎች ግቢያችን ውስጥ።

መኳንንት፣ በቃ። እንዳትነካው።

ያንተው የሺ
ከደባርቅ